አጎቴና አህያው ጣራ ላይ

ዘንድሮ ብሎግ ላይ የወጣ ጽሑፍ ሁሉ ለየአንባቢው እንደየጠባዩ ራሱን ይቀይራል። ትርንጎም በብሎጓ ላይ የድሬዳዋ ነፋስ አጎቷን ጋሽ ደበሽን ከነአህያቸው ጣራ ላይ እንዳወጣቸው ጻፈች። ምሳ ላይ እህቷ የአህያውን ነገር አንስታ ስትስቅ፣ ጋሽ ደበሽ ግራ ገባቸው።

"የምን አህያ? እኔ ያነበብኩት ስለ ትዕግሥቴ ነው!"

ሳቁ እህቷ አፍ ላይ ቀረ።

አንድ ገበታ ቀርቦ ለየብቻ መሳቅ ትርንጎን አንገሸገሻት። ጽሑፉን ለየአንባቢው የሚለውጠውን መቀየሪያ ዘጋችና ጽሑፉን ለሁሉም እንዳለ ለቀቀችው። አጎቷ እንዳይቀየሟት ግን ሰጋች።

ጋሽ ደበሽ አንብበው ቀና አሉ።

"አንቺ፣ እኔን ነው ያህያ ጅራት ይዞ በረረ ያልሽው?"

ጋሽ ደበሽ ሽርጣቸውን ጨብጠው ተነሡ።

"ውሸታም! አህያው ነው በሽርጤ የተንጠለጠለው!"

ያን ጊዜ ቤተሰቡ ባንድ ላይ ሲስቅ፣ ጣራው ለትንሽ ነው የተረፈው።