ጥያቄ መቶ ሃያ

ማህጁብ ከሥራ ሲመለስ ደክሞት ነበር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሶሳ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የግብርና ጽሕፈት ቤት ፕሪንተር ሲጠግን የዋለ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? የከፋው ቤቱ ገብቶም ማረፍ አለመቻሉ ነው።

«ማነው?» አለች ሚስቱ ኸድራ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር እንደተቀመጠች።

«ከእኔ ሌላ ማን ይመጣል?»

«በል ና፣ ቁጭ በል። ጥያቄ አንድ።»

ጥያቄዎቹ ለኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ መግቢያ ፈተና መለማመጃ ናቸው። ማህጁብ ከቴሌግራም አውርዶ በመሥሪያ ቤቱ ቀለም አትሟቸዋል። ሁለት መቶ ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ፈተናው እሑድ ነው። ቢሮው ለትምህርት ሊልከው ስሙን ሲያስተላልፍ ይህ የመጨረሻው ነው። ባለፈው ዓመት ኸድራን ወባ ጥሏት፣ እሱ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ የፈተናው ቀን አለፈበት። «አንቺ ታመሽ እኔ የትም አልሄድም» ብሏት ነበር። ዘንድሮም ካመለጠው ግን ከፕሪንተሩ ጋር አብሮ ጡረታ መውጣቱ ነው።

ኸድራ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። መስከረም ላይ «ደከመኝ» ብላ ተወችው። ማህጁብም ደክሞት ስለነበር ብዙ አልጠየቀም። ጥያቄውን እሷ እንድታነብ፣ እሱ እንዲመልስ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት፤ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር።

«መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት የመረጃ አቀማመጥ የቱ ነው?»

«ስታክ። ኸድራ፣ ይሄን እኮ በህልሜም እመልሰዋለሁ። ከመቶ ሃያ ጀምሪልኝ።»

«ከመሃል አይጀመርም።»

«ለምን አይጀመርም?»

«አይጀመርም አልኩህ። ጥያቄ ሁለት።»

አባቷ ፈኪ አብዱልሐሚድ መንጌ ላይ ኸልዋ ነበራቸው። በዚያ የቁርኣን ትምህርት ቤት በቃሉ የሚቀራ ልጅ ሁሌም ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ከመሃል ልጀምር ያለ አርጩሜ ይቀምሳል። ኸድራ ያደገችው እንደዚያ መሆኑን ማህጁብ ያውቃል። ኮምፒውተር ሳይንስ ግን ቁርኣን አይደለም። በየቀኑ ከአንድ ይጀምራሉ፣ መግሪብ አዛን ሲል ሰማንያ አካባቢ ላይ ይቆማሉ። የሚያስፈራው ሁሉ ያለው ከመቶ ሃያ ወዲያ ነው።

በዚያ ላይ ስዕል ያለባቸውን ጥያቄዎች ትዘላለች። «ስዕል ፈተና ላይ አይወጣም» ትላለች። ስዕል እንደሚወጣ ደግሞ ከማህጁብ ይልቅ አስተማሪዋ ማወቅ ነበረባት።

ነገሩን በሥራ ቦታ ለጃለታ አጫወተው። ጃለታ ከወለጋ የመጣ፣ ጠረጴዛው ከማህጁብ ጠረጴዛ ጎን የሆነ፣ የሰው ትዳር ከራሱ ሥራ በላይ የሚያሳስበው ሰው ነው።

«እንድትሄድ አትፈልግም» አለ ጃለታ። «ሁለት ዓመት አዲስ አበባ! የትኛዋ ሚስት ትፈልጋለች?»

«ኸድራ እንደዛ አይደለም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወንድሜ።»

ማህጁብ ሳቀ። ሳቁ ግን ቤት ድረስ አልዘለቀም።

ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ከቢሮ ቀድሞ ወጣ። የቀርከሃው አጥር ጋ ሲደርስ የሳሊማን ድምፅ ሰማ። ሳሊማ የኸድራ የቀድሞ ባልደረባ ናት። በለሆሳስ የሆነ ነገር ታወራለች፤ ቃሉ አይለይም።

«እንደገና» አለች ኸድራ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማህጁብ ግን ምንም እንዳትነግሪው። ወላሂ፣ ከሰማ አበቃልን» አለች።

በሩን ገፍቶ ሲገባ ሳሊማ የጥያቄዎቹን ፋይል ከጭኗ ላይ አንስታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ ሰላምታ ሰጥታ ሹልክ አለች። ኸድራ ተነሥታ ከርከዴ ቀዳችለት፤ ጣቷን የብርጭቆው ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ በዝግታ። ስትሰጠው ዓይኑን አላየችም።

ይህን ያህል ዘመን አብረው ኖረው፣ ክፉ ቀን አብረው አልፈው፣ ቀና ልበል ሲል የምትጎትተው እሷ ትሁን? መጣላት ፈልጎ ነበር፤ ለመጣላትም ጉልበት ይጠይቃል። ከርከዴውን ጠጥቶ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት ኸድራ ጓሮ ሳለች ጥያቄዎቹን ከፋይሉ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። ፋይሉ እንዳይሳሳ የጽሕፈት ቤቱን የማዳበሪያ ሥርጭት ሪፖርት አስገባበት። ከሰዓት በኋላ ከፍታ ታየዋለች፤ ለምን ወሰድክ ትለዋለች፤ ያኔ እሱም በሆዱ ያለውን ሁሉ ያወጣል።

ጃለታ ለምሳ ሲወጣ የቢሮውን በር ዘግቶ ብቻውን አጠና። መቶ ሃያን ሦስት ጊዜ አነበባት። ከአንድ ሚሊዮን በቅደም ተከተል ከተደረደሩ ስሞች አንዱን ለማግኘት፣ ዝርዝሩን እየከፈሉ ቢፈልጉ፣ ቢበዛ ስንት ጊዜ ማነጻጸር ያስፈልጋል ትላለች። መልሱን ሲያገኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አለው፤ በሚስቱ ላይ ያለው ቂምም በዚያው ልክ ጨመረ።

ቤት ሲደርስ ኸድራ ምንጣፉን አንጥፋ፣ ፋይሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀው ነበር። ፊቷ ያበጠ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች ትመስላለች።

ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የሚናገረውን በልቡ ደርድሮ ጨርሷል። እስክትከፍተው ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«ሳስበው እውነትህን ነው» አለች። «ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው፤ የምታውቀውን እየደጋገምኩ አደከምኩህ። ዛሬ እንዳልከው ከመቶ ሃያ እንጀምራለን።»

ኸድራ የማዳበሪያውን ሪፖርት ከፋይሉ አውጥታ ወደ ፊቷ አስጠጋች፣ ገጾቹን በጣቷ እየዳበሰች ገለጠችና፣ ጥያቄ መቶ ሃያን አንዲት ቃል ሳታጓድል አነበበችለት።