ሦስት እርምጃ

በዚያ ዘመን አሥራ አምስት ወር ሞልቶት ያልተራመደ ልጅ ከወላጆቹ ተነጥቆ በመንግሥት ማሳደጊያ ያድግ ነበር። ደሴ ከተማ ውስጥ ልጅ የሚያዝል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እናቶች ሕፃን ቢያለቅስባቸው እንኳ አያነሱትም፤ እግሩ ይሰንፋል ብለው ይፈራሉ።

ዘሐራና ባሏ ይመርም ልጃቸውን ሐያትን እንደ ልባቸው አቅፈዋት አያውቁም። ያም ሆኖ አሥራ አምስት ወር ሲሞላት ገና ትድህ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በሩን ገንጥለው ገቡ።

«በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጡን!» አለች ዘሐራ። «ትናንት እኮ ግድግዳ ይዛ ቆማለች!»

«ቀኑ አልፏል» አለ አንደኛው፤ የሐያትን ክንድ ይዞ ጎተታት።

ይመር ዘነዘናውን አንስቶ የሰውየውን ትከሻ ሲመታው አጥንቱ ተሰበረ፤ ልጅቷንም ለቀቃት። ሁለተኛው ተቆጣጣሪ የይመርን ግንባር በዱላ ፈነከተው፤ ከወደቀ በኋላም ደጋግሞ መታው። ዘሐራ እጁ ላይ ተጠምጥማ ስትነክሰው በቡጢ ጥርሷን አወለቀው።

ያን ጊዜ ሐያት መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። በደም የራሰውን ወለል እየረገጠች፣ እየተንገዳገደች ሦስት እርምጃ ሄዳ አባቷ ደረት ላይ ወደቀች።

ተቆጣጣሪው ዱላውን አውርዶ ስልኩን አወጣ።

«ተራምዳለች» አለና መዘገበ። የቆሰለ ጓደኛውን ደግፎ ወጣ።

ዘሐራ ባሏን በስሙ እየጠራች ወዘወዘችው። አልመለሰላትም። ሐያት ግን ደረቱን ተደግፋ እንደገና ቆመች።