የሟቿ ጣት

ከአሳታሚዎች ክፍያ ሰብስቦ ለደራሲያን የሚያከፋፍለው ቢሮ ሠራተኛ ፋይሉን ገልጦ አየና እንደ ለቅሶ ደራሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ደራሲዋ አርፈዋል። ክፍያው የሚሰጠው ለወራሽ ነው።»

«ደራሲዋ እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ፣ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ እያደረጉ። ሠራተኛው መታወቂያውንም አየ፣ ፋይሉንም አየ፤ ያመነው ግን ፋይሉን ነው። የጻፉትን ታሪክ ከሰባት ዓመት በፊት ያወጣው የተማሪዎች መጽሐፍ ከስማቸው ጎን የሞቱበትን ዓመት አትሟል፤ ቢሮውም ያንኑ ገልብጧል። «እኔማ ይኸው እያየሁዎት ነው» አለ አንገቱን እያከከ፤ «ግን በሕይወት ስለመኖርዎ ከፋይሉ ጋር የሚያያዝ ወረቀት ያስፈልጋል።»

አሮጊቷ ደማቸው ፈላ። ሰባት ዓመት ሙሉ በቁማቸው ቀብረዋቸው ሲያበቁ፣ አሁን ደግሞ ከመቃብር ለመውጣት ማመልከቻ አስገቢ ሊሏቸው ነው! ብድግ ብለው ጥግ ላይ ወዳለው ፎቶኮፒ ማሽን ሄዱ፤ ክዳኑን ከፈቱና ዕድሜ ልኩን ብዕር ሲጨብጥ የኖረ ቀኝ እጃቸውን መስተዋቱ ላይ ዘረጉ። «ወረቀት አይደል የፈለግከው? ና ተጫነው!» ሠራተኛው ግራ እንደገባው መጥቶ ቁልፉን ተጫነ። ብርሃኑ በመዳፋቸው ሥር ሲያልፍ ሌባ ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ።

ሠራተኛው የወጣውን ወረቀት አንስቶ ትክ ብሎ አየው። «አልሆነም እማማ፤ ጣትዎ ተንቀሳቅሷል።»

«በል አሁን ያልካትን እሷኑ ጻፍና ማኅተም ምታባት» አሉት።