የቀረችው ፊደል

የሆስፒታሉ ዘበኛ «ኮሪደሩ መጨረሻ ነው ያስገቧቸው» ስላላት፣ ሴትየዋ ከመጨረሻው በር ፊት ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የባሏ አባት ምሳ እየበሉ ድንገት ዝልፍልፍ ብለው ወድቀው፣ ባሏ ቀድሟት በታክሲ አምጥቷቸዋል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ሽማግሌው ራሳቸው እንዳስተማሯት፣ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አሳርፋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ሞ...» አለች። ጣቷ ወደሚቀጥለው ሄደ። «ተ...»

ጣቷ እዚያው ደርቆ ቀረ። ቀሪውን ፊደል እንባዋ ጋረደባት። ለካ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል፣ አለች በልቧ። «ወይኔ አባባ!»

«ጨርሺው እንጂ!» አለ ከጀርባዋ ሻካራ ድምፅ።

ዞር አለች። ከትይዩው ክፍል በር ላይ ሽማግሌው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ያዩዋታል። ወንበሩን የሚገፋው ባሏ ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

«ስኳራቸው ወርዶ ነው» አላት። «አሁን ደህና ናቸው፤ ሂዱ ተብለናል።»

«ቃል ሳትጨርሺ አትቁሚ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ይኸው በሁለት ፊደል ቀበርሽኝ!»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጣቷን ወደ በሩ መለሰች። «ር» አለች። «ሞተር... ክፍል።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ! በሉ አሁን ቤቴ ውሰዱኝ፤ እኔም ምሳዬን አልጨረስኩም።»