ሐመልማል ያስተማረቻት አቋራጭ

"አስራ አራት!"

መስከረም ሰሌዳው ፊት ቆማ በሙሉ ልቧ መለሰች...

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

2005 ዓ.ም፣ ሶዶ፣ አሥረኛ ክፍል።

ቲቸር በኃይሉ የጻፉት የዳይሬክት ቫሪዬሽን ጥያቄ ነው። አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ የሚሆንበት፣ አታስታውሱትም?

"ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ 12 ከሆነ፣ ኤክስ 5 ሲሆን ዋይ ስንት ነው?"

ይቺን የመለሰ ማደሪያና ምግብ ያለው ልዩ ክፍል ይገባል። መስከረም ደግሞ ከሶዶ ወጣ ካለችው ከሁምቦ የመጣች ልጅ ናት። ዝናቡ ቀርቶ በቆሎው ስለደረቀ አባቷ "ካላለፍሽ ትምህርቱ ይቅርና ቤት ግቢ" ብለዋታል...

"ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?" አሉ ቲቸር።

መስከረም ዞር ብላ ሐመልማልን አየቻት።

ሐመልማል ጥፍሯን ታያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ትምህርቱ ሲሰጥ መስከረም ወባ ጥሏት ሁምቦ ነበረች። ስትመለስ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪዋ ሐመልማል አቀፈቻት።

"አይዞሽ ሚቼ፣ እኔ አለሁልሽ!"

ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው።

ከዚያ ሐመልማል፣ መስከረም ከቤት ያመጣችውን ቂጣ እየገመጠች፣ "ኬ ምናምን እያልሽ ራስሽን አታዙሪ። ኤክስ ላይ የተጨመረውን ዋይ ላይ ጨምሪ፣ አለቀ!" አለቻት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሞክሪዋ! ኤክስ 4፣ ዋይም 4 ነበሩ። ኤክስ 7 ሲሆንስ?"

"ሰባት!"

"በቃ!"

ኤክስና ዋይ እኩል ከሆኑ ብቻ እንደሚሠራ ምስኪኗ በምን ትወቅ?

ሐመልማል አሁን እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ መጀመሪያ ኬ፣ ማለትም ቋሚው ቁጥር፣ ይፈለጋል። 12 ለ 3 ሲካፈል 4። 4 በ 5 ሲባዛ 20!"

መስከረም ወደ ሐመልማል ዞረች።

"ታውቂው ነበር?..."

ሐመልማል አንገቷን ደፋች። "የሚያልፈው አንድ ሰው ነው ሲሉ ሰምቼ ነው..."

"አንድ ማን አለሽ?" አሉ ቲቸር በኃይሉ። "ሁለት ቦታ ነው የተሰጠን! አንዱ ብትመልስ ለመስከረም፣ አንዱ አባሏን ላበቃች መሪ። የመሪ ውጤት ከአባሏ ጋር ነው የሚወጣው፣ ከአባሏ ጋር ነው የሚወርደው። በይ ተቀመጪ!"

ሁለቱም ቦታዎች ለሌላ ቡድን ሄዱ።

ለመስከረም ሌላ ጥያቄ ቢሰጧት ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ተናድጄ ነው የምጽፈው! ደንብ ነው አሏት፣ አለቀ።

በማግስቱ መናኸሪያ... መስከረም ፌስታሏን ይዛ የሁምቦ መኪና ላይ ስትወጣ፣ ሐመልማል እያለቀሰች ሮጣ ደረሰች።

"ሚቼ! ሚቼ፣ አንዴ ስሚኝ!"

መስከረም ሳትዞር መለሰች።

"ስሜ መስከረም ነው።"

መኪናው ሄደ...

ወዳጆቼ፣ ጓደኛችሁን ስትጥሉ እናንተ ቆማችሁ የምትቀሩ አይምሰላችሁ። ከፍ ስትል ከፍ፣ ዝቅ ስትል ዝቅ ነው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... በመስከረም ቦታ ብትሆኑ ዞር ትሉላት ነበር?