ከወረፋው የማይወጣው መልእክት

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ባለሙያ፣ ዲግሪው ምንም ይበል ምን፣ ሥራው በፕሮግራሞች መካከል መላላክ ነው። አንዱ የላከው መልእክት ወረፋ ይይዛል፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ከወረፋው ንቅንቅ አይልም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረፋው ውስጥ አንድ መልእክት ተገትሮ አገኘ። የእናቱ ሙሉ ስም አለበት፤ «ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። እናቱ የዓይን ሞራ ልትገፈፍ ፎቅ ላይ ተኝታለች።

ደወለ።

«ኧረ ደህና ናቸው፤ ለእኔ ባል እየመረጡልኝ ነው» አለች ነርሷ እየሳቀች። «ሐኪሞቹ እስኪወጡ ግን መግባት አይቻልም።»

መልእክቱን ሰረዘው፤ ተመልሶ መጣ። ላኪውን ፕሮግራም አጠፋው፤ መልእክቱ ያው ነው። ተቀባዩንም ዘጋው። ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ ይዞት ቆመ። ከዚህ በላይ የሚያውቀው ሙያ አልነበረውም።

ድንገት ወረፋው ባዶ ሆነ። እፎይ ሊል ሲል ስልኩ ጠራ።

«አንተ ልጅ፣ በቃ አትልፋ» አለች እናቱ፣ ቀስ ብላ። «ደርሶኛል ብያቸዋለሁ።»