የሐጅ ኤልቶም ጥምጥም

«ያዝ እንጂ! ጨርቅ ነው፣ እባብ አይደለም» አሉ አጎቱ ኸለፋላ።

በክሪ የጥምጥሙን ጫፍ ተቀበለ። ሽማግሌው ሌላውን ጫፍ ይዘው አስፋልቱን ተሻገሩና ነጩን ጨርቅ መንገዱ ላይ ወጥረው ቆሙ። ፀሐይ ከጥጥ ማሳው ጀርባ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ከመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጥፎ ገንፎው፣ የባሚያው ወጥ፣ ቴምሩና በማንቆርቆሪያ የተሞላው ቀይ መጠጥ ተደርድሯል። የከተማው ወንዶች እግራቸውን አጥፈው አዛን ይጠብቃሉ።

ሠላሳ ረመዳን ይህን ጥምጥም የወጠሩት የበክሪ አባት ነበሩ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሐጅ ኤልቶም፣ ጾም መፍቻ ሰዓት የደረሰበትን መንገደኛ ሳያበሉ አያሳልፉም ነበር። አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው አስወርደው ያውቃሉ። በክሪ ያደገው የእንግዳ እጅ ሲያስታጥብ ነው። በረመዳን ከአባቱ ጋር ከአንድ ሳህን በልቶ አያውቅም።

«ሐጅ ቢኖሩ ይሄኔ ሦስት መኪና አስቁመው ነበር» አለ ጸጉር አስተካካዩ ከምንጣፉ ላይ።

«ይሄ ልጅ የሚያስቆመው ዝንብ ነው» አለ አጠገቡ ያለው። ሳቁ።

በክሪ አልሳቀም። አምና እዚሁ ቦታ፣ ፀሐይ ዓይኑን የወጋችው የጭነት መኪና ሹፌር ጨርቁንም የወጠሩትን ሐጅንም ሳያይ ገጫቸው። የአባቱን ራስ ጭኑ ላይ ያደረገው በክሪ ነበር። አዛኑ ሲጀምር አባቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ከልጃቸው ትከሻ በላይ እየተንቀጠቀጠ የቆመውን ሹፌር አዩና «ጾመኛ ነው፤ አብሉት» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

አገሩ ሁሉ ያችን ቃል ይዟታል። በመስጊዱም፣ በሻይ ቤቱም ትነገራለች። በክሪን እያቀፉ «ታድለህ! እንዲህ ያለ አባት!» ይሉታል። አንተንስ ምን አሉህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ከመዳኒ ከተማ በኩል የጭነት መኪና መጣ። በክሪ ወደ መንገዱ ዳር አንድ እርምጃ ሸሸ። መኪናው ግን ገና ከሩቁ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዳር ይዞ ከጨርቁ ፊት ቆመ። የወረደው ሰው ቀጭን፣ ረጅም ነው። ምንጣፉ ላይ ያለው ጨዋታ ሁሉ ቀጥ አለ።

ያው የአምናው ሹፌር ነበር። አባከር።

«ና፣ እንግዳችን፣ ና ግባ!» አሉ ኸለፋላ። ጥምጥሙን ለቀው እጁን ያዙት። አባከር ግን አልተነቃነቀም። ዓይኑ በክሪ ላይ ነበር።

«አንተ ተቀመጥ ካላልከኝ አልቀመጥም፣ ወንድሜ።»

አዛኑ ተሰማ። የሁሉም እጅ ቴምሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ተቀመጥ» አለ በክሪ። የያዘውን ጫፍ ጣለና አጠገቡ ተቀመጠ። ውኃም ቀዳለት።

አባከር አልጠጣም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ ያን ዕለት እኔን እያዩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጆሮዬ ጭው ብሎብኝ አልሰማሁም። እነዚህ ሰዎች ቴምር አጎረሱኝ፤ ወዲያው ፖሊስ ወሰደኝ። የነገረኝ የለም። ይኸው ዓመቴ፣ እንቅልፍ አጣሁ።» የውኃውን ጽዋ በሁለት እጁ ያዘ። «ረገሙኝ እንዴ?»

ሁሉም ወደ በክሪ ዞሩ። ፊታቸው በርቷል፤ ያችን ቃል ከልጁ አፍ ሊሰሙ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ገና ካሁኑ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።

«አልረገሙህም» አለ በክሪ። «ስሜን ጠሩ።»

«ያንተን?»

«በክሪ፣ ልጄ፣ አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።»

አባከር ጽዋውን አስቀመጠ። «ልጃቸውን ነበር የሚያዩት» አለ ለራሱ። ወደ ሳህኑ የዘረጋውን እጁንም ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ኸለፋላ አፋቸውን ከፈቱ። የወንድማቸውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የከፈቱት አፍ ውስጥ ቴምር ጨመሩበትና ማኘክ ጀመሩ። የምንጣፉ ሰዎችም እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

በክሪ ከገንፎው ቆርሶ ጎረሰ። ከኋላው ጾመኛ የሞላበት አውቶብስ መጣ። የሚያስቆመው ሰው ስላልነበረ፣ አስፋልቱ ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጥምጥም በአራቱም ጎማ ረግጦት አለፈ።